ፈረስ የማይገባበት ጎመን ተራ

እንጅባራ፣ አትክልት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ደጃፉ ላይ የተቆለለው ድንች ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ሽታው ልጅነቴ ድረስ፣ ጥሊሊ ገበያ ወሰደኝ።

አባቴ በስኳር በሽታ አንድ እግሩን ተቆርጧል። ጎረቤቶች ደግፈው ፈረስ ላይ ያወጡታል፣ እኔ ልጓም ይዤ እመራለሁ። ሐኪሙ "ድንች ይቀንሱ፣ ጎመን ያብዙ" ብሎታል። ጎመን ተራ ግን ገበያው መሃል ነው፤ በዚያ ግፊያ ፈረስ አይገባም። ፈረሱ የሚቆምበት ዳር ላይ የሚሸጠው ድንች ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ሮጬ ጎመኑን ላምጣ?"

"ልጓሙን ከለቀቅሽው ደንብሮ ይጥለኛል። ተይው ልጄ፣ እኛ የምንበላው ፈረሱ የደረሰበትን ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሌላው እግሩም ቆሰለ፤ ክረምቱ ሳይወጣ አባዬን ቀበርነው።

"እትዬ፣ ምን ልስጥዎት?" አለች የአትክልት ቤቱ ሻጭ ከበሩ ደረጃ አናት።

"ጎመን አለሽ?"

"ከውስጥ ነው፣ ገብተው ይምረጡ። ሰው በዝቶብኛል።"

የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አላጠፋም። ስኳሩን ከአባቴ ወርሻለሁ፣ ምርኩዜ ጉልበቴ ላይ ተጋድሟል። ደረጃውን አየሁት።

"ድንቹን መዝኚልኝ" አልኳት።