የአባቴ ድድና የድመቷ

ትዳሬ ፈርሶ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ወደየጎጇቸው ሲሄዱ ከሳቸው ጋር የምትቀረው አንዲት ግራጫ ድመት ብቻ ነበረች። ‹‹ብራናዬን ከአይጥ ስለምትጠብቅልኝ ነው የማኖራት›› ይላሉ። እኔ ግን ሰው የሌለ ሲመስላቸው ‹‹ወይዘሮ›› እያሉ ሲጠሯት እሰማ ነበር። ሥጋ ሲኖርም ራሳቸው አላምጠው ያጎርሷታል።

ብዙም ሳልቆይ ሁለት ነገር ልብ አልኩ። አንደኛው፣ ቆሎ አይቀምሱም፤ እንጀራውም በወጥ ካልራሰ አይዋጥላቸውም። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሳሉ፣ ቁርባን ሲደርስ ግን ወደ ኋላ ይላሉ። ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀምሯል። ‹‹መምህሩ ምን ቢበድሉ ነው?›› ሲባል ሰምቼ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። በእኔ መፋታት አዝነው፣ አፍረው ነው አልኩ። ልጠይቃቸው ግን ወኔ አጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ ድመቷ ታመመች። ርቧት ወደ ሳህኑ ትሮጣለች፣ አንድ ጊዜ ትነክስና እየጮኸች ትሸሻለች። ለሀጯ ደረቷን አረጠበው። አባቴ አላስችል ብሏቸው ‹‹ነይ እስኪ ያዥልኝ›› አሉኝ። በነጠላዬ ጠቅልዬ በር ላይ፣ ብርሃኑ ጋ ያዝኳትና ከንፈሯን ገለጥ አደረጉት። ድዷ ጥሬ ሥጋ መስሏል፤ በየጥርሱ ሥር ደም ያዣል፤ ሽታው አይጣል ነው።

‹‹ምስኪን! አንቺም እንደኔ ሆንሽ?›› አሏት።

‹‹እንደ እርስዎ?›› አልኩ።

ድመቷን ተቀብለውኝ ጀርባዋን ማሻሸት ጀመሩ። በኋላ፣ ‹‹ድዴ ይደማል፤ ጠዋት ምራቄን ስተፋ ደም ነው። ከአፌ ደም እየወጣ እንዴት ሥጋ ወደሙን እቀበላለሁ?›› አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ‹‹ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?›› አሉኝ።

‹‹በእኔ አዝነው መስሎኝ ነበር።››

‹‹ባንቺ?›› አሉ ተገርመው። ‹‹ያንን ሰውዬ እኮ እኔም ከልቤ ወድጄው አላውቅም!››

ያን ዕለት ንፋስ መውጫ ከተማ ክሊኒክ ሄደው ይታከሙ ብዬ ያዝኳቸው። ለጥርስ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄድ የለም አሉ። ‹‹ድመቷንስ እንውሰዳት?›› ስላቸው ግን አሰቡበት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ድመቷ ክዳን ባለው ቅርጫት ሆነን ወጣን። መንገደኛው ‹‹ዶሮ ነው?›› ብሎ ሲጠይቅ ቅርጫቱ ‹‹ሚያው›› ይላል፤ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው በቅሎዋን ይኮለኩላሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘነው ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ገና ጎልማሳ፣ ትሑት ሰው ነበር። አባቴን አስቀምጦ አፋቸውን አየ፤ ከድዳቸው ሥር ጥቂት ቆሻሻ በቀጭን ብረት ጭሮ በመስታወት ቁራጭ ላይ አኖረና ጥቃቅን ነገር በሚያጎላ መሣሪያ ተመለከተ። ‹‹ይዩት›› አላቸው። አባቴ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ።

‹‹ይንቀሳቀሳል!››

‹‹ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። ድድ ሲታመምና ቆሻሻ ሲጠራቀም ይበዛሉ። ሕመሙን ያመጡት እነሱ ብቻ ናቸው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።››

አባቴ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር። ‹‹እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ በዚህ አፍ ሳዜም እነዚህም አብረው ነበሩ?››

‹‹አብረው ነበሩ አባቴ። ካሁን ወዲያ ይበቃቸዋል።››

አባቴ ሳቁ፤ አፋቸውን በእጃቸው ሳይጋርዱ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ ‹‹ከሷ ተላልፎብኝ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ ያስያዝኳት?›› ብለው ወደ ቅርጫቱ ጠቆሙ። ድሬሰሩ፣ የእንስሳ ሐኪም ስላልሆነ ይህን እንደማያውቅ ነገራቸው። ‹‹ብቻ አላምጠው ማጉረሱን ይተዉት፤ ለሁለታችሁም ይበጃል›› አለ። የሚነቃነቁ ሁለት መንጋጋዎቻቸውን በጉጠት ነቀለ፤ በቀሩት ላይ እንደ ድንጋይ የተጋገረውን ቆሻሻ ፋቀ። ድመቷንም ‹‹እኔ የሰው ነኝ›› እያለ አየና ሊወድቅ የተንጠለጠለ አንድ ጥርሷን አወጣላት። እሷም እጁን ቧጥጣ አመሰገነችው።

ቤት ስንመለስ አባቴ ጠዋት ማታ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጠመጡ፣ በለስላሳ የወይራ መፋቂያ ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር። ተማሪዎቻቸውንም ሳይፍቁ ለዜማ እንዳይቀርቡ ከለከሏቸው። ለድመቷ ጣታቸው ላይ ጨርቅ ጠቅልለው በጨው ውኃ ድዷን ያብሱላታል፤ እሷ ትነክሳቸዋለች፣ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቋታል። ግን አልዳነችም። ጥርሶቿ አንድ በአንድ አለቁ። በወተት የራሰ ፍርፋሪ እየላሰች እስከሚቀጥለው ዓመት ክረምት ኖረች። አይጥ ስታይ እንደ ድሮዋ ትዘላለች፤ ይዛ ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ይገባታል።

የአባቴ የድድ ደም ሰኔ ላይ ቀነሰ፤ ፍልሰታ ሲገባ ቆመ። እርግጠኛ ለመሆን በየጠዋቱ ምራቃቸውን በነጭ ጨርቅ ላይ እየተፉ ያሳዩኝ ነበር። ጾሙ ሊፈታ ሲል አንድ ማለዳ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ሳለሁ ወደ ቁርባኑ ሲራመዱ አየኋቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ወሬ ወዳድ ጎረቤታችን ተጠግታ፣ ‹‹እንኳን ደስ አለዎት መምህር፤ ንስሐዎ ምን ነበር?›› አለቻቸው።

‹‹ጨው›› አሉ አባቴ፣ እርምጃቸውን ሳይገቱ።