ዘነቡ ለፍርድ የተሳለችው ጃንጥላ

ዘነቡ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ትሰፋለች። የአራዳ ሰው ስለት ሁሉ በእጇ ያልፋል። ወልዳ የሳመችው፣ ከበሽታ የተነሳው፣ ቪዛ የተመታለት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ወሬ አትጠግብምና "ምን ሰጥቶህ ነው?" ሳትል መርፌ አታነሳም። የራሷን ስለት ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ልጇን ኢዩኤልን የገደለው የሹፌሩ የፈቀደ የጭነት መኪና ነው። ፈቀደ አትክልት ተራ ቲማቲም አራግፎ ወደ ኋላ ሲሄድ ልጁን አላየውም። ታስሮ ተፈታ። እንደተፈታ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣና አፍንጮ በር ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ተደፋ።

"ስለ ጊዮርጊስ ይቅር በይኝ!" እያለ ያ ግዙፍ ሰውዬ ተንሰቀሰቀ።

በሯን ዘጋችበት። ልጇን ቀብራ ዓመት ያልሞላት ሴት ሌላ ምን ታድርግ? በማግስቱ ጊዮርጊስ ሄዳ "ፍረድልኝ! ከፈረድክልኝ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ" ብላ ተሳለች።

ብዙም ሳይቆይ ፈቀደን ስትሮክ መታው። ሰፈሩ "የእናት እንባ ነው የጣለው" አለ። ዘነቡ ቀይ ከፋይ ገዝታ ቆረጠች፣ ዘርፉንም አዘጋጀች፤ ከዚያ እጇ አልሄድ አላት። ደስ ይለኛል ያለችው ነገር አስፈራት። ሰው እንዲወድቅ ለምና፣ ወድቆላት፣ አሁን በእልልታ ልታመሰግን ነው?

ጨነቃትና ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረዮሐንስ ተናዘዘች።

"ጊዮርጊስን በጃንጥላ ልትደልይው?" አሉ ተቆጥተው። "እሱ እንደ ኃጢአታችን ቢፈርድ አንቺስ እኔስ እንቆም ነበር? ሂጂና ይቅር በይው።"

"ስለቴስ አባቴ?"

"ስለቱን ለምህረት አድርጊው።"

ፈቀደ ወደሚኖርበት ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ወረደች። የፈቀደ ሚስት ስታያት ክው ብላ ደነገጠች፤ እንደምንም ወንበር አቀረበችላት። እሱ አልጋው ላይ ነው፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ዘነቡ ሳትቀመጥ ተናገረች።

"ፈቀደ፣ ያስፈረድኩብህ እኔ ነኝ። ተስዬብህ ነው። አሁን ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ።"

ይህን ስትል ቅልል ይለኛል ብላ ነበር። ምንም አልቀለላትም።

ፈቀደ ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለ።

"አንቺ... አይደለሽም። በሩን ስትዘጊብኝ... እኔም ጊዮርጊስ ሄድኩ። 'እሷ ካልማረችኝ... አንተም አትማረኝ' አልኩት።"

ዘነቡ እንባዋ መጣ። የማይታዘዝለትን እጁን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ምሬሃለሁ እኮ! ምሬሃለሁ አልኩህ!"

ደህናው ዓይኑ ፊቷ ላይ ተተከለ።

"ከልብሽ ነው?"

አባን በቃሏ ልታሳምን ትችል ነበር። ይህን ሰው ግን መዋሸት አቃታት። አዎ ልትል አፏን ስትከፍት የኢዩኤል ፊት መጣባት። እጁን ለቀቀችው።