ዘይነብን የሣልኩበት ኦፔራ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ሀያት ደብተር ይዛ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። በስልኳ ያየችውን አንድ ኦፔራ ወደ ኮሚክ መጽሐፍ እየለወጠችው ነው፤ ታሪኩን በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍላ ትሥላለች፣ ንግግሩንም ከሰዎቹ ራስ በላይ ትጽፋለች።

«ጋሼ፣ የሽማግሌው ንጉሥ ፊት አልመጣልኝ አለ። የእርስዎን ብጠቀም ይፈቅዱልኛል?» አለችኝ።

ፈቀድኩላት። ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄዋን ደጋግሜ አሰብኩት። እኔ በወጣትነቴ ያንን ጥያቄ አልጠየቅኩም ነበር።

ያኔ እዚሁ ከሚሴ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከአዲስ አበባ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ቀን ቴፕ ይዞ ክፍል ገባ። «ይሄ ቲያትር ነው፤ ግን ሰዎቹ አይነጋገሩም፣ ሁሉን ነገር በዘፈን ነው የሚባባሉት» ሲለን በሳቅ ሞትን። አንዲት ሴት ድምጿን ስታወጣ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ታሪኩን በአማርኛ ነገረን፦ እጮኛዋ ባሕር ተሻግሮ ሳለ ልቧ ለእንግዳ ነጋዴ የሸፈተ፣ ኋላም ሁለቱንም ያጣች ልጅ ታሪክ ነው።

አንድ ወር ሙሉ ልክ እንደ ሀያት በሳጥን በሳጥን ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ሣልኩት። መርከቡን የጭነት መኪና፣ ወደቡን የሰንበቴ ገበያ አደረግኩት። ለነጋዴው ግመል ሰጠሁት። ሰዎቹንም ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ አናገርኳቸው፣ ልክ እኛ እንደምናወራው። ዛሬም ቢሆን መጥፎ ሥራ ነበር አልልም።

የልጅቷን ፊት ግን ከዘይነብ ወሰድኩ። ዘይነብ ከቤታችን ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እጮኛዋ ዐረብ አገር ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በክረምት መውጫ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ዘንድ እቀመጣለሁ፤ የጠበሰችውን የበቆሎ እሸት ለሁለት ሰብራ ትልቁን ለእኔ ትሰጠኛለች። ያን ያህል አስተውዬ ያየሁት ሌላ ፊት ስላልነበረ ይመስለኛል የሣልኳት። ወይም እወዳት ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ብዋሽ ምን ያደርግልኛል? ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልተውኳትም።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ከትምህርት ቤት ወጣ። ኦፔራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዘይነብን ግን ሁሉም ያውቃታል። «ምንም ሳታደርግ እንዴት ይሥላታል?» ተባለ። ጥር ላይ ወሬው ሰንበቴ ያለው የእጮኛዋ ወንድም ጆሮ ገባ፤ እሱም እጮኝነቱ ይፍረስ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። መምህሩ ደግሞ ለዕረፍት አገሩ ሄዶ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ዘይነብ በራችን ላይ ጠራችኝ። «ሰይድ፣ አልተቆጣሁህም። ነገ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ይቀመጣሉ። መጥተህ ከመምህሩ የሰማኸው ተረት መሆኑን ብቻ ንገራቸው» አለችኝ።

«እመጣለሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ዓርብ ጠዋት ግን ወደ ጨፋ መንገድ ላይ ነበርኩ። አጎቴን ማሽላ ውቂያ ላግዝ ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ዱላ ፈርቼ አልነበረም። «ታዲያ ለምን የእሷን ፊት?» ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው፤ መልሱን ስለማውቀው። አውድማው በገለባ አቧራ ታፍኗል፤ አጎቴ የአዲስ ማሽላ እንጀራ በወተት አቀረበልኝ፣ ጠግቤያለሁ አልኩት። የጁምዓ አዛን ከሩቅ ሲሰማ ሰዎቹ ሥራ አቁመው ለሶላት ተነሱ። እኔም አብሬያቸው ሰገድኩ።

ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። እጮኝነቱ ፈርሶ ዘይነብን ባቲ ወዳለችው አክስቷ ልከዋታል። «ያን ዓርብ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ በር በሩን ስታይ ነበር» አለችኝ እናቴ። ደብተሩን እሳት ውስጥ ጨመርኩት፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ሥዬ አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ባቲ ገበያ ላይ አገኘኋት። ጨርቅ ትሸጣለች፤ አንዲት ሴት ልጅ ከአጠገቧ ክር ትጠቀልላለች።

«ሰይድ! አካም ጂርታ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም እያለችኝ ተነሳች። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ሥዕሉን ቀጠልክበት?» አለችኝ።

«ተውኩት።»

«አይ! እጅህ እኮ ጥሩ ነበር።»

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ደንበኛ መጣና ጨርቅ ልትለካ ዞረች። ብጠብቅ ኖሮ ሥራው ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ቀስ ብዬ ወጣሁና መኪና ያዝኩ።

ስለ ሥዕሉ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅኩም። ለዚያች ዓርብ ግን ሰበብ አጥቼላታለሁ። ዘይነብ ዛሬም ባቲ ናት፤ ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ሌላ ነገር የምጠይቅ መስዬ ደህንነቷን እሰማለሁ። ጠዋት ተነስቼ ብሄድ ከሰዓት እመለሳለሁ። የድሮ ቁስሏን ላለመነካካት ነው የምቀረው እያልኩ ኖርኩ። እሷ ግን ያኔ መጥተህ ንገርልኝ ያለችው ሰው ሲሸሻት እንጂ ሲመጣላት አላየችም።