ከብርብራ ነፃ

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ፣ ሰፈራችን ግሽ አባይ ላይ ያ ሰሞኑን ጆሮዬን ያደነቆረው ሞንታርቦ ጠበቀኝ...

«መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ የቅጠል ዱቄት! ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም! ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አልፈው ነበር። ባለቤቴ ትርንጎ ግን የደም ግፊት አለባት። ይህን ጩኸት ሰምታ «ኪኒን ኬሚካል ነው፣ ቅጠሉ ይሻለኛል» ብላ ሐኪም ያዘዘላትን ከተወች ሰንብታለች። ብለምናትም ብቆጣትም እምቢ አለች። ስለዚህ ቆምሁ።

ማይክ የያዘውን ጎረምሳ «ብርብራስ ተፈጥሮ አይደለም?» አልሁት።

«ብርብራ ደግሞ ምንድን ነው፣ አባቴ?»

«ዛፍ ነው። እኔ ባደግሁበት በደልጊ ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ሐይቁ ላይ ይበትኑታል። ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ፋብሪካ አልገባ፣ ኬሚካል አልነካው... ትጠጣዋለህ?»

«እኛ ዓሣ አይደለንማ!» አለ በማይኩ። መንገደኛው ሳቀብኝ።

«ዓሣ ካልሆንህ አፍህን እንዲህ ከፍተህ የምትውለው ለምንድን ነው?»

አሁን ደግሞ በእሱ ሳቁ። እኔ ግን ለሳቅ አልቆምሁም።

«ስማኝ ልጄ፣ ዱቄትህ መርዝ ነው አላልሁም። ከዛፍ መምጣቱ ብቻውን ደኅና ነው አያሰኘውም ነው የምልህ።»

ጎረምሳው ራሱን ነቀነቀ። ገባው ብዬ ሄድሁ። ቤት ገብቼም የብርብራውን ነገር ለትርንጎ ነገርኋት።

ትናንት በዚያው ሳልፍ ሞንታርቦው ምን ይላል...

«መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ! ሙሉ በሙሉ ከብርብራ ነፃ!»

ገዢው ከወትሮው በዝቷል። አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «የሌሎቹማ ብርብራ አለበት አሉ» ስትል ሰማሁ።

ቤት ስደርስ ትርንጎ ዱቄቱን ገዝታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች።

«ምነው ትርንጎ?»

«ምን አጠፋሁ? ብርብራ ይጎዳል ያልኸው አንተ አይደለህ? ይኸው ብርብራ የለበትም። ስለዚህ አይጎዳም።»

ላስረዳት አፌን ከፈትሁ... ብርብራ የሌለበት ሁሉ ደኅና አይደለም ልል... መልሼ ዘጋሁት። ደከመኝ። ተነሥቼ ኪኒኗን ከመሳቢያ አወጣሁ።

«ይኼስ ብርብራ አለበት?»

«ኪኒን ላይ ብርብራ ምን ይሠራል፣ አንተ ሰው!»

«እንግዲያስ አይጎዳም። ዋጪው።»

ኪኒኑን በመዳፏ አገላበጠችው... እኔን አየችኝ... ኪኒኑን አየችው...

«እሱስ እውነትህን ነው» ብላ ዋጠችው። ዱቄቱንም ሐኪሙን እስክንጠይቅ ድረስ እንድታቆየው በዚያው አስማማኋት።

ከተጋባን ጀምሮ በቀና ክርክር አንድም ቀን ረትቻት አላውቅም... ትናንት በጠማማው ረታኋት።