አሳባቂዋ

ትምህርት ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ታችኛው የተጠረበ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨት። ጥንት ሲሠራ ድንጋዩ አለቀባቸውና በሳንቃ ጨረሱት ይባላል፤ እውነቱን የሚያውቅ የለም። መስኮቶቹ ልጅ ወደ ውጭ እንዳያይ ከፍ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የቤቱ ጌጥ ግን የእንጨት ደረጃው ነው። ጫፍ ላይ ያለችው እርከን ስትረገጥ ሲጢጥ ትላለች፤ ያረፈደውን ሁሉ የምታጋልጠው እሷ ናት። ተማሪዎች «አሳባቂዋ» ይሏታል።

የሰፈሩ አናጺ በልጅነቱ እዚሁ ሲማር ማርፈድ ይወድ ነበርና አሳባቂዋ ስንቴ አስቀጥታዋለች መሰላችሁ። አድጎ እጁ ከተፈታ በኋላ፣ ርእሰ መምህሯ በእረፍት ወቅት ደረጃውን እንዲጠግን ጠራችው። የተበላውን ቀየረ፣ የላላውን አጠበቀ። አሳባቂዋ ደህና ነበረች፤ ጠግናት ያለውም የለም። እሱ ግን ቂም ይዞባት ኖሮ ከሥሯ ሽብልቅ ነድቶ፣ ኮላ አፍስሶ ዝም አሰኛት። ወጥቶ ዘለለባት። ጭጭ። ብቻውን ሳቀ።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት የሒሳብ መምህሩ ከዚያ ደረጃ ወደቁ። አናጺውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በትር ግን አይዙም። «ቤቱ ራሱ ይመራኛል» ይላሉ። በኮሪደሩ መጥተው አሳባቂዋ ከእግራቸው ሥር ስትጮህ ደረጃው መጀመሩን ያውቁና ከእርከኗ ዝቅ ብሎ የሚጀምረውን መደገፊያ ይይዛሉ። ያን ዕለት የጮኸ ነገር አልነበረም። ክንዳቸው ተሰበረ።

አናጺው ይህን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽብልቁን ሊያወጣ ሄደ፤ ኮላው ጨርሶ ይዟል። ቢነቀንቃት፣ በመዶሻ ቢለማመጣት አሻፈረኝ አለች። መደገፊያውን እስከ ኮሪደሩ ላስረዝም ብሎም ነበር፤ ግን ለምን እንደሆነ ለርእሰ መምህሯ መናገር ሊኖርበት ነው። አፈረ፣ ተወው።

ሊጠይቃቸው ቤታቸው ሄደ። አፉን ሳይከፍት ቀደሙት።

«ደረጃውን የሠራኸው አንተ ነህ አሉ። እጅህ ይባረክ ልጄ፣ ድምፅ እንኳ የለውም እኮ። እኔው ነኝ የተንቀዠቀዥኩት።»

«አሜን፣ ጋሼ» አለ። ምርቃቱን እንደ ሌባ ይዞ ወጣ፤ መንገዱን ሙሉ ፊቱ እንደጋለ ነበር።

መምህሩ ክንዳቸውን በሻሽ አንግተው ሥራ ሲጀምሩ፣ አናጺው ከክፍል በሚወጡበት ሰዓት ደረጃው ራስ ላይ መቆም ጀመረ። ሥራ ያለው እንዲመስል መዶሻ ይይዛል። ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ያስላል። እሳቸው ይቆማሉ፣ በደህናው እጃቸው መደገፊያውን ይፈልጋሉ፣ ይወርዳሉ። ማን ነህ ብለው አልጠየቁትም፤ እሱም እኔ ነኝ አላለም።

አንድ ቀን ግን ጥቂት ወረድ ብለው ቆሙ።

«አንተ ልጅ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ድሮም የምትያዘው እዚያችው እርከን ላይ ነበር። በል ሳሉን ተወውና ነገ መደገፊያውን አስረዝምልኝ። ደግሞ እንዳታረፍድ።»