ጢም የተለጠፈለት ልዑል

የቻይናው የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዋና ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ፣ የአውራጃችን ጦር አዛዥ ራሱን ልዑል አሰኘ። እንደ ወጋችንም ገና በሕይወት ሳለ ምስሉ ቆሞ የሚሰገድለት መቅደስ ተሠራለት። ምስሉን ከጭቃ ያበጀው ጎረቤቴ ቹ ዌንሻን ነበር። ልዑሉ ማዕረግ በጨመረ ቁጥር ቹ የምስሉን ቆብ ያስረዝማል፣ ቦርጩንም ያወፍራል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ልዑሉ በጦርነት ተሸንፎ ጠፋ። አዲሱ ገዥ ምስሉ እንዲሰበር፣ የደበቀውም ሰው አንገቱ እንዲቀላ አዘዘ። ቹ ግን በዕድሜው ከዚያ ያማረ ሥራ አልሠራም ነበርና ለመስበር እጁ እምቢ አለው። ቆቡን ገነጠለ፣ ነጭ ጢም ለጠፈ፣ መንደር የሚጠብቀውን የመሬት አምላክ አደረገው።

በማግስቱ አንድ መቶ አለቃ ሊያጣራ መጣ።

«ልዑሉስ?»

«ሰበርነው፣ ጌታዬ» አለ ቹ።

«ይኼ ቦርጫም ታዲያ ማነው?»

ቹን ሚስቱ ሊዩ ቀደመችው። «የመሬት አምላክ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቁርጥ ልዑሉን ነው።»

«የኛን እህል የበላ ሁሉ መልኩ አንድ ነው።»

መቶ አለቃው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድ ልጅ ይሰጣል?» አላት።

«ዳቦ ላቀረበለት ይሰጣል።»

ከስልቻው ዳቦ አውጥቶ አስቀመጠና ሰገደ። ቹም ከጎኑ ተንበረከከ። ለገዛ ሥራው ከልቡ ሲሰግድ ያ የመጀመሪያው ነበር።