ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12፡00፣ ሱሉልታ

ሜዳው ውርጭ ለብሷል። ወተት የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ያቋርጣሉ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጫልቱ ትናንት ደውላ ነበር። ከሰበታ የመጣ ሕፃን እዚህ ሲለካ፣ ባለፈው ሳምንት ሰበታ ካርዱ ላይ ከተጻፈለት ቁመት በሁለት ሴንቲ ሜትር አጥሮ ተገኘ። "ልጅ ወደ ታች አያድግም" አለችኝ።

ሕፃናት ተኝተው የሚለኩበትን ሳንቃ ለሱሉልታ፣ ለቡራዩና ለሰበታ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሱሉልታውን በብረት ማስመሪያ ፈተሽኩት፤ ልክ ነው። ጥፋቱ ያለው ሰበታ ነው ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የጤና፣ የግብርናና የውሃ ሰዎች ከሰፈሩ ሽማግሌ ጋር ይሰበሰባሉ። "መቀንጨር ቀንሷል" ብለው ለልጆቹ የሚሰጠውን እንቁላልና ወተት ፉሪ ሰፈር ላሉ ልጆች ሊያዛውሩ ነው።

2፡30፣ ቡራዩ

የቡራዩውም ልክ ነው። ማመሳከሪያ እንዲሆነኝ ተውሼው ታክሲ ገባሁ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

"ወንድሜ፣ የሕፃን ሬሳ ሳጥን ነው እንዴ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልቻልኩም።

4፡20፣ ዓለም ገና

መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ሲኖትራክ፣ አቧራ፣ የሽንኩርት ክምር። ሳንቃውን ተሸክሜ በእግሬ አለፍኩና ባጃጅ ያዝኩ።

5፡10፣ ሰበታ

ቃለ ጉባኤው ተጽፎ የቀረው ፊርማ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ሳንቃቸውን ከቡራዩው ጎን አድርጌ አመሳከርኩ። ሜትሩን ከጭንቅላት መደገፊያው የውስጥ ገጽ መጀመር ሲገባኝ፣ ከኋላው ጠርዝ ለጥፌዋለሁ። መደገፊያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ እዚህ የተለካ ልጅ ሁሉ በዚያው ልክ ረዝሞ ተጽፏል። ከሦስቱ የመጀመሪያ ሥራዬ ይህ ነበር።

ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሰብሳቢው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ድሪባ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ ልጆቻችንን ያሳደጋቸው እንቁላሉ ሳይሆን ያንተ ማስቲሽ ነው በለኛ።"

የግብርናው ሰው ተቆጣ፤ ለፉሪ ቃል ተገብቷል፣ እዚያ ያሉትም ልጆች ናቸው አለ። እውነቱን ነው። የውሃው ሰው ብዕሩን ከደነ። ኦቦ ድሪባ ያልተፈረመውን ቃለ ጉባኤ አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። "ሁሉም እንደገና ይለካ። ፉሪ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን፤ አንተም ትመጣለህ" አሉኝ።

በረንዳው ላይ፣ "ልጅሽ ከእርዳታው ወጥታለች" የተባለች እናት ነበረች። ሕፃኗን በቡራዩው ሳንቃ ላይ አስተኛናት። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ካለው የመቀንጨር መስመር በታች ሆነ።

"ብያችሁ ነበር" አለች እናትየው። "የአምና ቀሚሷ ዘንድሮም አላጠረባትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄስ ልክ ነው?"

ማስመሪያውን ሰጠኋት። ዜሮው ላይ ጣቷን አድርጋ ሳንቃውን ራሷ ለካች።